ኤሊ ያጣራው የመጨረሻ ሊትር

ክዳኑ አልከፈት አላት። ጠርሙሱን በጉልበቶቿ መሃል ሰንቅራ፣ አንገቱን በፎጣ ጠቅልላ፣ ጥርሷን ነክሳ ብትጠመዝዘው ንቅንቅ አላለም። የመስታወቱ ክዳን ከመስታወቱ አንገት ጋር አንድ አካል ሆኗል። ሙቅ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ዘይት ቀባችው፤ ተቆጣችው፤ ለመነችው። በነጋታው ረፋድ ላይ በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አንድ ሊትር ፈሳሽ ምስክር ሆኖ ሊቆም ነው። የሚመሰክረውም ራሱ መጥቶ መናገር ለማይችል ሰው፣ ለሞተው ባሏ ነው።

ባሏን የሥራ ጓደኞቹ «ኤሊ» ይሉት ነበር። ስሙ የወጣለት በተቀጠረ በመጀመሪያው ወር፣ ሰው ሁሉ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው የዕቃ ማጠብ ሥራ ሦስት ቀን ስለፈጀበት ነው። እሱ አልተቆጣም። ኤሊ ሲሉት «አቤት» ይል ነበር፤ ያውም ቀስ ብሎ። እሷም ሳይጋቡ በፊት የምትጠራው በዚሁ ስም ነበር፤ ከተጋቡም በኋላ ሌላ አላወጣችለትም።

ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ቤተ ሙከራ፣ በአንድ ክፍል ነው። ሥራው ለሰው ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ የኒኬል ቁራጭ ቤዝ ውስጥ ይነከራል፤ ቤዝ ማለት ሳሙና የሚሠራበት፣ ጣት ሲነካው የሚያሟልጭ ፈሳሽ ነው። በላዩ ላይ ግሊሰሪን ይጨመራል፤ ግሊሰሪን ከአልኮል ወገን ነው፤ ከሳሙና ሥራ ብዙ ይተርፋል፤ የሚፈልገው ግን ጥቂት ነው። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ኒኬሉ ይጠቁራል። የጠቆረው ኒኬል ግሊሰሪኑን ይሰባብረውና ለፋብሪካ የሚጠቅም ነገር ያደርገዋል፤ እሱ ራሱ ወደ ቀድሞ ቀለሙ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና ይጠቁራል። ሲያቀባብል ይውላል እንጂ አያልቅም። ካታሊስት የሚባለው ይኸው ነው።

የዚህ ሥራ ጠላት ብረት ነው። ቤዙ ውስጥ በዐይን የማይታይ፣ ሚዛን የማያነሳው የብረት ርዝራዥ ካለ ኒኬሉ ላይ ይለጠፍና ጠባዩን ያበላሸዋል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ግሊሰሪኑን ትቶ ውሃውን መስበር ይጀምራል፤ ኒኬሉም አረፋ ያወጣል። አረፋ ከታየ ልፋቱ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

ከገበያ የሚመጣ ቤዝ ደግሞ ብረት አያጣም። ስለዚህ አስቀድሞ ይጣራል። የኒኬል ጭቃ ይጨመርበትና ይማሰላል፤ ጭቃው ብረቱን ይዞ ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለው ጥሩው ይቀዳል። ችኩል ሰው ይህንን አንድ ጊዜ ያደርገዋል፤ ጥንቁቅ ሰው ሁለት ጊዜ። ኤሊ ሲያደርገው ግን ሳምንት ያልፋል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያንተ እንቁላል ግን እግር ሳያወጣ ጡረታ ሊወጣ ነው እኮ» ይሉታል የክፍሉ ቀልደኞች።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እኔ መልቀም ወገቤን ያመኛል» ይላል እሱ፣ ዐይኑን ከሚያማስለው ዕቃ ሳያነሳ።

እናም አንድ ቀን የኤሊ ኒኬል ሁለት መቶ ሰዓት ሙሉ አንዲት አረፋ ሳያወጣ ሠራ። ከገባው ኤሌክትሪክ ከመቶው ዘጠና አራቱ ግሊሰሪኑ ላይ ዋለ። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች ከዚያ በፊት ሠላሳ ሰዓት ካገኙ ደስታቸውን አይችሉትም ነበር። ጽሑፉ በእሱና በእሷ ስም፣ ክፍሉን ከምትመራው ፕሮፌሰር ጋር በአንድ ትልቅ መጽሔት ወጣ። በወጣ በሦስተኛው ወር ኤሊ ደረጃ ሲወጣ ልቡ ቆመ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ደብዳቤዎች መምጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ በትሕትና ነበር፤ «ሞከርነው፣ አልሆነልንም፣ የተውነው ነገር ይኖር ይሆን?» የሚሉ። ቀጥሎ ትሕትናው ቀነሰ። እሷና ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ደጋግመው ሠሩት፤ በአሥረኛው ሰዓት ኒኬሉ አረፋ ያወጣል። የኤሊን የሥራ ደብተር ገለጡ። ሁሉም ነገር አለ፤ ቀኑ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የኒኬሉ ክብደት እስከ አራተኛ አሃዝ። ማጣራቱ ጋ ሲደርስ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ «ቤዙ እንደተለመደው ተጣርቷል።» የተለመደው ለእሱ ነው። ሌላ ሰው የለመደው የለም።

ሰው ደግሞ አፍ አለው። ሌላ ቤተ ሙከራ ውስጥ «ሟች ቁጥር ያሳምር ነበር» ተባለ የሚል ወሬ ደረሳት። የነገሯት ሰዎች አዝነው ነው የነገሯት፤ ከእነሱ ሐዘን ይልቅ ስድባቸውን በወደደች።

በመጨረሻ ፕሮፌሰሯ ጠራቻት። ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት።

«እሱ ራሱ ካጣራው የተረፈ ጠብታ የለም?»

«አለ። አንድ ሊትር። ቤት አለ።»

«ስምንት ወር ሙሉ ዝም ብለሽ ይዘሽዋል?»

«አንዴ ከሠሩበት ያልቃል ብዬ ነው።»

ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ ልጅ፣ አምጪው። ደብዳቤ ከጻፉት አንዱን እጠራዋለሁ፤ በፊቱ እንሠራለን። በኤሊ ቤዝ ከሠራ የጎደለው ማጣራቱ ነው ማለት ነው፤ ጽሑፉ ይቆያል፤ እኛም እስክናገኘው እንፈልጋለን። ካልሠራ ግን ጽሑፉን ከመጽሔቱ እናነሳዋለን። ከዚህ ሌላ መንገድ የለኝም።»

ያ ሊትር ቤቷ የገባው እንዲህ ነው። ኤሊ በተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት የቤተ ሙከራው መደርደሪያዎች ይጸዱ ጀመር። ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ አንድ ነጭ የፕላስቲክ ጀሪካን አገኘች፤ በእጁ ጽሕፈት ቀን ተጽፎበታል፤ ከቀኑ ሥር «እባካችሁ አትንኩብኝ» ይላል። የፕላስቲክ ጀሪካን ማንም አንስቶ ይጥለዋል፤ መስታወት ግን ሰው ያከብረዋል ብላ አሰበች። ደግሞም ልታየው ፈለገች። ካላት ሁሉ የሚያምረውን ጠርሙስ አጥባ፣ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ገለበጠችው፤ የመስታወት ክዳኑን ከደነችበት፤ ወረቀቱን ከጀሪካኑ ላይ ልጣ ጠርሙሱ ላይ ለጠፈችው። ቤቷ ወስዳ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲያልፍበት ንጹሕነቱ ያስደነግጥ ነበር። «ደኅና አደርክ» ትለው ነበር፤ ማንም አይሰማትምና።

አሁን ግን ክዳኑ አልከፈት አለ። ጠርሙሱን በልብስ ጠቅልላ ወደ አማቷ፣ ወደ ኤሊ አባት ሱቅ ይዛው ሄደች።

አማቷ ባለ ቶርኖ ነው፤ ብረት በማሽን እያሽከረከረ ይቀርጻል። ሱቁ የጥገና ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ላይ፣ በአንድ ጎማ ጠጋኝና በአንድ መስታወት ቆራጭ መሃል ይገኛል። ዕድሜው ሰባን አልፏል፤ ዐይኑ ደከም ብሏል፤ ጣቱ ግን የፀጉር ያህል የተጣመመ ብረት ዳብሶ ያውቃል። ጠርሙሱን ይዛ ስትገባ ማሽኑን አጠፋ።

«ምን አመጣሽልኝ፣ ልጄ? የሚጠጣ ነው?»

«ከጠጡትማ ጉሮሮዎን ይዞ ነው የሚወርደው፣ አባባ። ክዳኑ አልከፈት ብሎኝ ነው።»

አየው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ጽሕፈት አወቀው፤ በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ ዳበሰው።

«እንዲህ ያለ ነገር በጉልበት አይፈታም። በልመና ነው» አለ። ጨርቅ በፈላ ውሃ ነክሮ አንገቱን ጠቀለለው፤ በመዶሻ የእንጨት እጀታ ክዳኑን ዙሪያውን ቆርቆር ያደርገው ጀመር። «ማነው እንዲህ ጥርቅም ያደረገው? አንቺ ነሽ? እንዲህ አጥብቀሽ ይዘሽው ነው እንዴ ባልሽም…»

ቀልዱ መሃል ላይ ቀረ። እጀታው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

«እኔ አላጠበቅኩትም፣ አባባ» አለች፣ እንዳልሰማ ሆና። «እንዲያው ከደን ነው ያደረግኩት። ያጣበቀው ቤዙ ነው።»

«ያሟልጫል ስትሉ አልነበር? የሚያሟልጭ ነገር እንዴት ያጣብቃል?»

«የሚያሟልጨው ቆዳን ነው። መስታወትን ግን ቀስ እያለ ይበላዋል። የተበላው…»

ዐይኗ ጠርሙሱ ላይ ቀረ።

«የተበላው ምን ይሆናል?» አለ ሽማግሌው፣ ጆሮው ክዳኑ ላይ እንደሆነ።

«ፈሳሹ ውስጥ ይገባል።»

«እ። መስታወት ውስጥ ደግሞ ምን ምን አለ?»

«አሸዋ። ሶዳ።»

«ሌላስ?»

አማቷ አንገቱን ቀና አድርጎ አያት። ከዚያ በመዶሻው እጀታ በሩ ላይ ጎረቤቱ መስታወት ቆራጭ ያስደገፈውን የመስኮት መስታወት አመለከታት።

«ጠርዙን እይው። ፊት ለፊት ስታይው ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ ግን አረንጓዴ ነው። ይኼ ከምን እንደሚመጣ እኔ ኬሚስትሪ ሳልማር አውቀዋለሁ። ጎረቤቴ ሃያ ዓመት ሲያማርርበት ሰምቻለሁ።»

«ብረት» አለች።

ያን ጊዜ ክዳኑ «ጢቅ» አለና ተፈታ።

ቤዝ በመስታወት አይቀመጥም። ይህንን አዲስ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይነገረዋል፤ የምትነግራቸውም እሷ ነበረች። ቦርዱ ላይ ጽፋ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምራ። ኤሊ ያን አስቀያሚ ጀሪካን የመረጠው ሌላ ዕቃ አጥቶ አልነበረም። አፏ ለሌላው ሲናገር የኖረውን ያን ቀን እጇ አልሰማም፤ ያን ቀን ጠርሙሱን ያጠበችው ኬሚስቷ ሳትሆን ሚስቱ ናት።

«ብዙ ይሆናል?» አለ አማቷ።

«በዐይን የማይታይ ነው።»

«ይጎዳል?»

«የሚጎዳው ይኸው የማይታየው ነው።»

«ስንት ጊዜ ተቀመጠ?»

«ስምንት ወር።»

ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቃትም። ጨርቁን ጨመቀ፣ አጣጠፈ፣ እንደገና ፈታው።

«ወድቆ ተሰበረ በያቸው» አለ በመጨረሻ። «ጠርሙስ ነው፤ ይሰበራል። ማን ይፈርድብሻል?»

ይህንን ሐሳብ ለአፍታ አቀፈችው። እውነትም ማንም አይፈርድባትም። ወዲያው ግን ከወዲያኛው በኩል አየችው፤ «እንዳያጋልጠው ብላ ሰበረችው» ይባላል። ያን ጊዜ ወሬ የነበረው ማስረጃ ያገኛል።

«አይ፣ አባባ። ይሄዳል። ምናልባት ትንሽ ብቻ በልቶት ይሆናል።»

«ምናልባት» አለ ሽማግሌው። ክዳኑን እስከ ሱቁ በር ድረስ ለብቻው ይዞላት ወጣ።

በነጋታው ሰውየው በሰዓቱ መጣ። ቀጭን፣ ጎንበስ የሚል፣ ስለ ራሱ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው ነው። ክፉ ሰው ጠብቃ ነበር፤ ባለማግኘቷ ከፋት።

«ስለ ባለቤትዎ አዝናለሁ» አላት። «ጽሑፋቸውን ሠላሳ ጊዜ ሳላነብ አልቀርም። ወደ አንድ ዓመት ገደማ ሞክሬዋለሁ።»

«ከመጀመራችን በፊት የምነግራችሁ አለ» አለችና ነገረቻቸው። ሳትቀንስ፣ ሳታለቅስ፤ ጀሪካኑን፣ ጠርሙሱን፣ መስኮቱን፣ ስምንቱን ወር። ፕሮፌሰሯ ስትሰማ ቆይታ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«ለምን?» አለች ፕሮፌሰሯ።

«ላየው ፈልጌ ነው።»

ሰውየው ወለሉን አየ። ፕሮፌሰሯ ተነሥታ ጓንቷን አጠለቀች። «እንጀምር» አለች።

ፈሳሹን ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ቀዱት። ኒኬሉን ነከሩት። ግሊሰሪኑን ጨመሩ። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ኒኬሉ ከዳር ወደ መሃል ጠቆረ። ሦስቱም እንደ ሕመምተኛ አስታማሚ ዙሪያውን ቆሙ። አሥር ደቂቃ ሄደ። ሃያ። ዕቃው ውስጥ ምንም የለም፤ እንደ ጧት አየር ጭር ብሏል። አንድ ሰዓት አለፈ። ፕሮፌሰሯ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት፤ ዐይኗ ውስጥ ያለው ተስፋ ነበር። ሁለተኛው ሰዓት ሊሞላ ሲል ከኒኬሉ የላይኛ ጥግ ላይ የስፒል ራስ የምታህል አረፋ ተፈጠረች። እዚያው ተጣብቃ ቆየች። «ከላይ የገባ አየር ይሆናል» አለ ሰውየው፤ እሱም ፈልጎት ነበር ማለት ነው። አረፋዋ አደገች፣ ተላቀቀች፣ ወጣች። በቦታዋ ሌላ መጣች። እኩለ ቀን ላይ ኒኬሉ እንደሚፈላ ውሃ ሆነ።

ፕሮፌሰሯ ኤሌክትሪኩን አጠፋች።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ ሰውየው፣ ቦርሳውን ሳይነካ። «አሁን ባልመጣሁ ይሻለኝ ነበር። ዋሽተዋል ማለት አልችልም። አልዋሹም ማለትም አልችልም።»

«ምን ማለት ይችላሉ?» አለችው የኤሊ ሚስት።

«ምንም።»

እሱን ሸኝተው ሲመለሱ ፕሮፌሰሯ የጽሑፉን መነሣት የሚገልጸውን ማስታወቂያ ራሷ ልትጽፍ ተቀመጠች። ሦስት መስመር ነው የሚሆነው፤ ውጤቱን መድገም አልተቻለም፣ ጸሐፊዎቹ ጽሑፉን አንስተዋል፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ።

«አንድ ነገር ይጨመር» አለች የኤሊ ሚስት። «የቀረው ቤዝ የተበላሸው በእኔ አያያዝ እንደሆነ ይጻፍ። በስሜ።»

«ይኼ ዕድሜሽን ሙሉ ይከተልሻል። ከዚህ በኋላ የሥራ በር ባንኳኳሽ ቁጥር ‹ቤዝ መስታወት ውስጥ ያስቀመጠችው› ነሽ።»

«ይከተለኝ።»

«እሱን አያድነውም።»

«አውቃለሁ፣ ፕሮፌሰር። ግን ሰው ሲያነበው ምናልባት ቆም ይላል።»

ፕሮፌሰሯ ጻፈችው። ከሌሎቹ መስመሮች ይልቅ እሱን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

ማስታወቂያው በወጣ ቀን ወረቀቱን ይዛ አማቷ ሱቅ ሄደች። እሷ ሳትነግረው ከሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈለገችም። በተዘጋው ቶርኖ አጠገብ በሁለት ዝቅተኛ ወንበሮች ተቀመጡ። ቃል በቃል አነበበችለት፤ ያልገባውን እያስረዳች።

«ልጄ ዋሸ ይላል?»

«አይልም።»

«እውነት ተናገረ ይላል?»

«እሱንም አይልም፣ አባባ።»

«ታዲያ ስለሱ ምን ይላል?»

«አይታወቅም ነው የሚለው።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «አይታወቅም» አለ፣ የቃሉን ክብደት እንደሚመዝን ሰው። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሮ?»

አንድ ሰው የተበላ ዘንግ ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። «አባት፣ ዛሬ ይደርስልኛል?»

«አይደርስም።»

«ነገስ?»

«እንጃ።»

ሰውየው ፊታቸውን አይቶ ዘንጉን በሩ ሥር አስቀምጦ ሄደ።

«የሚያስቸግረው ምንድን ነው?» አለ አማቷ። ድምፁ ሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ሆነ። «ያ ፈሳሽ አለቀ፤ እሺ። እንደሱ አድርጎ ሌላ ማጣራት ነዋ። ያጣራው እኮ ሰው ነው። ደብተሩ ባይናገር አንቺ አለሽ። አምስት ዓመት አንድ ክፍል አልሠራችሁም?»

«አምስት ዓመት።»

«እንግዲያ ያየሽውን ሥሪው።»

ወረቀቱን ጭኗ ላይ አጠፈችው። የተናገረችው ቀስ ብላ ነው።

«እሱ ማጣራት ሲጀምር እኔ ቦርሳዬን አነሣለሁ። ‹ኤሊ፣ ዛሬም ልትጎለት ነው?› እለዋለሁ። ‹ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ› ይለኛል። እውነትም ይደርስብኝ ነበር። ቆሜ አይቼው አላውቅም፣ አባባ። እስቃለሁ እንጂ። ሁላችንም እንስቅ ነበር።»

አማቷ አልገሠጻትም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ወንበሩን ጠጋ አደረገ፤ የማያውቀው ማሽን ሲመጣለት ባለቤቱን እንደሚጠይቀው።

«ትንሽም ብትሆን የምታውቂው አይጠፋም። ከዳር እንጀምር። መጀመሪያ ምን ያደርጋል?»

«ዕቃውን ያጥባል።»

«በምን?»

«በአሲድ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ።»

«በንጹሕ ውሃ ስንት ጊዜ?»

አፏን ከፈተች። በሐሳቧ ማጠቢያው አጠገብ ያለው ጀርባው መጣላት፤ የሸሚዙ ትከሻ፣ ወደ ጎን ዘንበል ያለ አንገቱ። ውሃው ሲወርድ ይሰማታል። ይቆማል፤ እንደገና ይወርዳል። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ልትቆጥር ሞከረች፤ እሷ ግን በሩን ከፍታ ወጥታለች።

«ስንት ጊዜ፣ ልጄ?» አለ ሽማግሌው።